ንጹሕ አንሶላ ወደ ታች ሲወርድ

የወንድሜ ሚስት የተነጠፈ አልጋ አይታ "ጥሩ ነው" ብላ አታውቅም። በምንሠራበት ሆቴል ሰማንያ አልጋ አለ፤ ከሰማንያውም ጋር በየቀኑ ትጣላለች። ክፍል ከፍታ ስትገባ መስኮቱን አታይም፣ ምንጣፉንም አታይም፤ በቀጥታ ወደ አንሶላው ማዕዘን ነው የምትሄደው። ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ጥርት ብሎ ካልታጠፈ አልጋው ከነትራሱ ይፈርሳል። የጽዳት ሠራተኞቹ ከጀርባዋ "ማዕዘን" ይሏታል። ከፊቷ እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ገና አልተወለደም። እኔ የባሏ ታናሽ ወንድም ስለሆንኩ "እትዬ" እላታለሁ፤ እሷም "ዋርሳዬ" ትለኛለች፣ በተለይ አንድ ነገር ስትፈልግ።

እኔ ደግሞ የዚያው ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ያለ ፊርማ ከእኔ ቤት ሳሙና እንኳ አይወጣም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራት ነው።

እትዬ ጽዳት ክፍል ስትገባ ጸጉሯ ጥቁር ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ተጠባባቂ ኃላፊ ሆና። ተጠባባቂ ማለት ሥራው ያንተ፣ ወቀሳው ያንተ፣ ወንበሩ ግን የሌላ ሰው ማለት ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል በጀቱን ራሱ ስለሚያዘጋጅ፣ ለመስተንግዶና ለቱሪዝም ሥራ የተዘጋጀውን የሒሳብ አያያዝ መግቢያ ተምሮ ያላለፈ ሰው ኃላፊ አይሆንም ይላል። ትምህርቱ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ነው። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድጋሚ የለም። የወደቀ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ቦታው ከውጭ በሚቀጠር ሰው ይሞላል።

እትዬ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። የቀድሞ ሥራዋ ጋሪ መግፋት ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ፣ ማዕዘን ማጠፍ ለማያውቅ አለቃ "አቤት" እያለች ጋሪ ልትገፋ ነው።

"ዋርሳዬ፣ ሒሳብ ከባድ ነው?" አለችኝ።

"ለሚያውቀው ቀላል ነው" አልኳት።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የሦስት ወር የሒሳብ ኮርስ ወስጄ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርቼ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከኮርሱ የማስታውሰው መስታወቱን ያሠራሁበትን ቀን ነው። ቢሆንም እሷን ለመደገፍ ብዬ አብሬያት ተመዘገብኩ።

የምንማረው አንደኛ ፎቅ ባለችው ትንሽ የስብሰባ አዳራሽ ነበር። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ ሴት ኦዲተር ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሲያዩት ግን ሰው ያላጠፋውን ሁሉ ያስታውሳል። በመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ሰጥተውን ወዲያው ወደ ነገራቸው ገቡ።

"ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንዴ ምን እንዳለን፣ አንዴ ከየት እንደመጣ።"

እትዬ እጇን አወጣች። "ሁለት ጊዜ እየተጻፈ ታዲያ ዕቃ ለምን ይጠፋል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኦዲተሯ ግን አልሳቁም። "አርባ ዓመት ደመወዝ ስበላ የኖርኩት በዚች ጥያቄ ነው" አሉ።

ከዚያ ዴቢትና ክሬዲት መጡ። ዴቢት ግራ ነው፣ ክሬዲት ቀኝ ነው፣ በቃ። እትዬ ግን "በቃ" የሚባል ነገር አትወድም።

"ጥሩው የትኛው ነው?"

"ጥሩም መጥፎም የለም። ግራና ቀኝ ነው።"

"እንዴ! አንዱማ ሳይሻል አይቀርም።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ የተሻለውን ስትፈልግ ከረመች። እኔን ስትጠይቀኝ "እንደሁኔታው ነው" እላታለሁ። ይህች መልስ ብዙ ቦታ ታድናለች። በሦስተኛው ሳምንት ራሷ አገኘችው። የምሳ ሰዓት ላይ ከአንድ ክፍል የቆሸሸ አንሶላ ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመችና "አልጋው ላይ ቀነሰ፣ ጋሪው ላይ ጨመረ፤ አንሶላው ግን ያው አንድ ነው!" ብላ ጮኸች። በኮሪደሩ የሚያልፍ እንግዳ ደንግጦ ቁልፉን ጣለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አላቆማትም።

ኦዲተሯ ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሲያስረዱ፣ አስጎብኚ ድርጅቶች ቱሪስት አምጥተው ካሳደሩ በኋላ የሚከፍሉት ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ፣ እስከዚያ ግን ያልተከፈለው ገንዘብ እንደ ሀብት እንደሚጻፍ ነገሩን። እትዬ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነዋ!"

ኦዲተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ተረቱን ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ከሥሩ አሰመሩበት። እስከ ኮርሱ መጨረሻ ድረስ ተሰብሳቢ ሒሳብን በክፍላችን ማንም በስሙ አልጠራውም፤ "ላሚቱ" ነበር የምንላት።

ጣጣው ለቤተሰቡ ተረፈ። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን የሳሎኑ መስኮት ሥር አስቀምጦ ነው የሚሠራው። እናታችንም እነሱ ጋ ነው የምትኖረው። እሑድ ለምሳ ስሄድ ወንድሜ ገና በሩ ላይ ተቀበለኝ።

"ይቺን ሴት ምንድን ነው ያስተማራችኋት? ትናንት ሜትሬ ጠፋኝ ብላት 'አልጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ነው የተዛወረው፤ ወዴት እንዳዛወርከው ተናገር' ብላ ፊቴ ቆመች።"

"ታዲያ የት ነበር?"

"አንገቴ ላይ።"

እናቴ ከውስጥ ጣልቃ ገባች። "እኔንስ! ሻዬ ላይ ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ስጨምር አይታ 'እማማ፣ ይሄ በየትኛው ዓምድ ይገባል?' አለችኝ። በሆዴ ዓምድ አልኳት።"

እትዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሯ፣ ማስመሪያዋና ሁለት ቀለም እስክርቢቶ ተደርድረዋል፤ ሳህኖቹ ዳር ዳር ይዘዋል። ትስቅና ታስቀን ነበር እንጂ እንደምትፈራ አውቃለሁ። ስታሰላ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ የዚያን እሑድ ከንፈሯ ቆስሎ ነበር።

በስምንተኛው ቅዳሜ ጦርነት ተነሣ። ርዕሱ የእርጅና ቅናሽ ነበር። ዕቃ በተሠራበት ቁጥር ያረጃል፣ ባረጀ ቁጥር መዝገብ ላይ ያለው ዋጋ ይቀንሳል። ኦዲተሯ ምሳሌ ሰጡ። "የአንድ ሆቴል አንሶላ ሁለት ዓመት ያገለግላል እንበል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?"

"ዜሮ!" አልን ሁላችንም።

"የማን አንሶላ ነው?" አለች እትዬ።

"የምሳሌ ነው። የአንድ ሆቴል።"

"ሆቴሉ ሰው የለውም?"

ይህን ብላ ወጥታ ሄደች። ጉልበቷን እያመማት ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ከ204 ቁጥር ክፍል የተነጠፈ አንሶላ ገፍፋ ተመለሰችና ኦዲተሯ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

"አምስት ዓመቱ ነው። ይዳስሱት።"

ኦዲተሯ ዳሰሱት። ወደ መብራት አንሥተው አዩት። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ የተመዘዘ ክር የለም።

"ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" አለች እትዬ። "አያያዝ ነው። ይሄን ዜሮ አልልም።"

"ልጄ፣ መዝገቡ አንሶላውን እንጂ አንቺን አያውቅሽም። ያንቺ አያያዝ የሚጻፍበት ዓምድ የለም።"

"ይጨመርበታ!"

አልተጨመረበትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመለማመጃ ፈተና ላይ ያው ጥያቄ ሲመጣ ዜሮ ብላ ጻፈችና ከጎኑ በትንንሽ ፊደል "ሆኖም 204 ላይ ተነጥፎ ይገኛል፤ ሄዶ ማየት ይቻላል" አለች። ኦዲተሯ ሙሉ ነጥብ ሰጥተው "አይቻለሁ" ብለው ጻፉበት።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት የመጨረሻው ፈተና ተነገረን። በወረቀት ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችን የክፍላችንን ንብረት ቆጥረን፣ ኦዲተሯ ከሒሳብ ክፍል በታሸገ ፖስታ ከሚያመጡት መዝገብ ጋር ማስታረቅ አለብን። እትዬ ከፎቁ በኩል፣ እኔ ከግምጃ ቤቱ በኩል፣ የደረሰን አንሶላ ነበር።

አንሶላ መቁጠሩ ቀላል ነው። ሰማንያ አልጋ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት አንሶላ፣ ሦስት ቅያሪ። አንዱ አልጋው ላይ፣ አንዱ እጥበት፣ አንዱ እኔ መደርደሪያ ላይ። በድምሩ አራት መቶ ሰማንያ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቆጠራው እየጎደለ እየጎደለ ሠላሳ ሰባት ደርሶ ነበር። እኔ በዚህ ጉዳይ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በልቻለሁ። የጠረጠርኩት ልብስ አጣቢዎቹን ነው። እነሱም ገብቷቸው ኖሮ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፍገውኛል። አንዱንማ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተከትዬ ቦርሳውን በዓይኔ ፈትሼዋለሁ። ዳቦ ነበር።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ሻይ ይዛልኝ ግምጃ ቤት መጣች። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሻይ አምጥታልኝ አታውቅም። ገና ብርጭቆውን ሳየው ልቤ ፈራ።

"ዋርሳዬ፣ ሰው ዕቃ ከቤቱ ወደ ቤቱ ቢያዛውር ሌባ ይባላል?"

"እንዳዛወረበት ቦታ ነው።"

"ሦስተኛ ፎቅ ቢሆንስ?"

309 ቁጥር ክፍል ወሰደችኝ። ቧንቧው ከፈነዳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በሩ ላይ "ጥገና ላይ" የሚል ተለጥፎበት ሁሉም ረስቶታል። የልብስ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። አንሶላ፣ በአንሶላ ላይ፣ በአንሶላ ላይ። ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ማዕዘኑ በማዕዘን ላይ የተገጠመ። መቁጠር አላስፈለገኝም፤ ያቺን ቁጥር በእንቅልፌም አውቃታለሁ።

ቃል አጣሁ። ከዚያ ደግሞ ብዙ ቃል አገኘሁ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፤ እናቴ ማንበብ ትችላለች።

"ሁለት አውቶቡስ ቱሪስት በአንድ ጊዜ የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል?" አለችኝ፣ ስጮህ ስጮህ ከደከመኝ በኋላ። "ማጠቢያ መኪናው ተበላሽቶ፣ አንሶላ አልቆብኝ፣ ካንተ ልጠይቅ የመጣሁ ቀን?"

ትዝ ይለኛል። "መጠየቂያ ቅጹ ላይ ፊርማ አልነበረማ!"

"አዎ። ፊርማ አልነበረም። አንተ 'የለም' አልክ። እንግዶቹ ሁለት ሰዓት አዳራሽ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ በፊታቸው ሰደበኝ፤ ቋንቋውን ባያውቁትም ስድብ መሆኑን ዐውቀዋል። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ፣ ዋርሳዬ። ስፈራ አንድ አንድ እያልኩ አስቀምጣለሁ። ላውጣው ላውጣው እያልኩ ደግሞ ያንተ ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ላውጣው?"

ለኦዲተሯ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳት፤ ይህን በግልጽ ልጻፈው።

"አብደሻል? ሹመቱስ? ሌባ ብለው ጋሪው ላይ ቢመልሱሽስ?" አልኳት። "ሠላሳ ሰባቱን ወደ እኔ መደርደሪያ እናወርዳለን። ቆጠራው አራት መቶ ሰማንያ ይሆናል። አንቺ ታልፊያለሽ፣ የእኔም ስም ይጸዳል። ማን ተጎዳ?"

"ከየት እንደመጣ ሳይጻፍ?"

"ከየትም አልመጣም፤ ቤቱ ተመለሰ። እትዬ፣ ሒሳብ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ጉልበቷን አሸችና "እሺ" አለች።

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ መመገቢያ አዳራሽ ሲገባ፣ ጋሪውን ሞልተን ወጣን። የሠራተኛ አሳንሰር ተበላሽቷል። የበጀት ነገር። ስለዚህ በእንግዳ አሳንሰር ገባን። አንድ ፎቅ እንደወረድን አሳንሰሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ኦዲተሯ የፈተና ወረቀቶቻቸውን ታቅፈው ገቡ።

"ወደ ታች ነው?" አሉ።

"ወደ ታች" አልኩ። ድምፄ ግን ወደ ላይ ወጣብኝ።

በሩ ተዘጋ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጋሪውን አዩት። በሁለት ጣት የአንሶላውን ጫፍ ነካ አደረጉት።

"ይሄ እኮ ንጹሕ ነው። እዚህ ቤት ንጹሕ ወደ ላይ፣ የቆሸሸ ወደ ታች ነው የሚሄደው ብላችሁ አስተምራችሁኝ አልነበር?"

እትዬ የአሳንሰሩን ጣሪያ እያየች "አንዳንዴ መንገድ ይጠፋዋል" አለች።

"ሰውም እንደዚያ ነው" አሉ ኦዲተሯ። ምድር ቤት ስንደርስ ቀድመውን ወጡ። እኔ እግሬ አውጪኝ ልል ነበር፤ ጋሪው ግን አንድ እግሩ ስለሚንሻፈፍ የማያስሮጥ ዓይነት ነው።

ቅዳሜ መጣ። ከጠዋት ጀምረን ቆጠርን። አልጋ ላይ መቶ ስድሳ። እጥበት ክፍል መቶ ስድሳ። ግምጃ ቤት፣ እኔ ከፍ ባለ ድምፅ እየቆጠርኩ፣ ልብስ አጣቢዎቹም እንዲሰሙ፣ መቶ ስድሳ። በድምሩ አራት መቶ ሰማንያ፣ አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

ኦዲተሯ የታሸገውን ፖስታ ቀደዱና መዝገቡን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

አራት መቶ አርባ ሦስት።

አንድ ሰው ሳለ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ፣ እትዬ እኔን አየችኝ።

"ሠላሳ ሰባት ትርፍ" አሉ ኦዲተሯ በለስላሳ ድምፃቸው። "በአርባ ዓመት ብዙ ጉድለት አይቻለሁ። አንሶላ ሲወልድ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።" ከፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት አወጡ። "ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሠላሳ ሰባት አንሶላ እንደጠፋ ተቆጥሮ ከመዝገብ ተሰርዟል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን ነው?"

የእኔ ነው። ያን ቀን አሥራ አራት ገጽ አምጥተውልኝ በአንድ ትንፋሽ ፈረምኩላቸው። የሌላ ሰው ፊርማ ስትጎድል አገር የማተራምስ ሰውዬ፣ የራሴን እንደ ውሃ ነው የማፈሰው። ይኸውልህ እንግዲህ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። አንሶላዎቹን 309 ውስጥ ብንተዋቸው ኖሮ ቆጠራችን አራት መቶ አርባ ሦስት፣ መዝገቡም አራት መቶ አርባ ሦስት፣ በራሱ ይታረቅ ነበር። ሒሳብ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው ያልታረቀው።

"ትርፉ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው" አሉ ኦዲተሯ ወደ እኔ ዞረው። "ከየት መጣ?"

"እንግዲህ…" አልኩ፣ "ቆጠራ ላይ አንዳንዴ… እንደሁኔታው…"

እትዬ ዝም ብትል ነገሩ በእኔ ላይ ተጠናቆ ይቀር ነበር። እሷ አልፋ፣ ተሹማ፣ እኔ ከአራተኛ ደብዳቤ ጋር። ይህንን ከእኔ ፈጥና እንዳሰላችው እርግጠኛ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ ከሁላችንም ትፈጥን ነበር። ከወንበሯ ተነሣች።

"እኔ ነኝ የደበቅኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ 309 ውስጥ። ትናንት አሳንሰር ላይ ያዩት እሱ ነው።"

 ኦዲተሯ ማርከሩን ዘረጉላት።

"ፈተናው አላለቀም። ነይ ጻፊው።"

እትዬ እያነከሰች ወደ ሰሌዳው ሄደች። በግራ በኩል "አንሶላ፣ ሠላሳ ሰባት" ብላ ጻፈች። ቀኙ ባዶ ቀረ። ማርከሩ አየር ላይ ቆመ፣ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ከኋላ ሆኜ "ካፒታል" ብዬ በሹክሹክታ ላግዛት ሞከርኩ። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም፣ እግዜር ይስጣት።

"ሆቴሉ ጠፋብኝ ብሎ የጻፈው ኪሳራ አለ" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። "ያ ኪሳራ እውነት አልነበረም። አንሶላው አልጠፋም፣ እኔ ጋ ነበር። ስለዚህ የተመለሰው ከዚያ ኪሳራ ላይ ነው የሚነሣው።" በቀኝ በኩል ጻፈችው፣ "የጠፋ ንብረት ኪሳራ፣ ሠላሳ ሰባት"። ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው።

ኦዲተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልክ ነው። አልፈሻል። እኔ ግን ኦዲተር ነኝ፤ የደበቅሽውንም እጽፈዋለሁ።"

"ይጻፉት። ሁለት ጊዜ ነው የሚጻፈው ብለውናል።"

የእኔ ውጤት ስንት እንደነበር እዚህ መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

ሰኞ ሁለታችንንም ሥራ አስኪያጁ አስጠራን። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ወረቀቱ የራሴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጧል፣ የእትዬን ውጤትና የኦዲተሯን ሪፖርት። አንዱን አንሥቶ ሌላውን ያያል፣ ሌላውን አንሥቶ አንዱን ያያል።

"'ፈርቼ ነው' ብለሻል ይላል ሪፖርቱ" አለ በመጨረሻ። "ማንን ነው የፈራሽው?"

እትዬ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። "በእንግዳ ፊት ወይም በማዛቸው ልጆች ፊት ባዋረዱኝ ቁጥር፣ ሁለተኛ እንዳልዋረድ ብዬ አንድ አንሶላ አስቀምጥ ነበር።"

"ሠላሳ ሰባት ጊዜ?"

"ሠላሳ ሰባት ጊዜ።"

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ነካካ። "አላስታውስም" አለ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ሁሉም በእኔ ነው?"

"ሁሉም አይደለም፣ ጌታዬ።"

እፎይ ሲል በግልጽ ሰማሁት። መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረመባትና ሰጣት። ቀጥሎ የሹመቱን ወረቀት ሳበ፤ "ተጠባባቂ" የሚለውን ቃል በእስክርቢቶ ሁለት ጊዜ ሰርዞ ፈረመ። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። እትዬ ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተች። ማዕዘን ለማዕዘን ነበር ያጠፈቻቸው።

ከቢሮው ስንወጣ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። እኔ ራሴ የተሾምኩ ያህል። እትዬ ጉልበቷን ስላመማት ደረጃው ላይ ክንዴን ይዛ ነው የምትወርደው፤ እኔም ሥራ አስኪያጁ እንዴት እንዳላበው እያስመሰልኩ፣ ክራቫቴን እየነካካሁ፣ ክራቫት ባይኖረኝም፣ አሳቅኳት። የምር ሳቀች።

"እኔ የምለው፣ እትዬ" አልኳት፣ "ከሠላሳ ሰባቱ የእሱ ስንቱ ነው?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ብቻ! እኔ እኮ ሠላሳውን ገምቼ ነበር። የቀረውስ የማን ነው? የእንግዳ ተቀባዩ? የአስጎብኚዎቹ?"

አንድ ደረጃ ወረደች፣ ሌላ ወረደች። ከዚያ ቆም ብላ ክንዴን መታ መታ አደረገችው።

"ሃያ ስምንቱ ያንተ ነው፣ ዋርሳዬ።"

አልተቆጣችም። የአልጋ ቁጥር እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ክንዴን ለቀቀችና የደረጃውን ብረት ይዛ ብቻዋን ወረደች፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ታች ሰብሰብ ብለው እየጠበቋት ነበር፣ ሲያዩአት እልል አሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩ፣ ፊቴ እስኪግል ድረስ አፈርኩ። ከአውቶቡሶቹ ቀን በቀር አንዱንም ማስታወስ አልቻልኩም።